ዘይት በተቀየረ ማግሥት የምትንቀጠቀጥ ሞተር ሳይክል፤ ከመፍረድ በፊት መመርመር

ለሰበካ ልማት ኮሚቴ አባላት በተሰጠው የንብረት አያያዝ ሥልጠና ላይ በተሽከርካሪ ጥገና ክፍል የቀረበ ንግግር





በዚህ ሥልጠና ስለ ምንጭ ማጎልበት፥ ስለ ችግኝ ጣቢያና ስለ እህል ባንክ ብዙ ሲነገር ሰንብቷል። እኛ እንድንናገርበት የታዘዝነው ጉዳይ ከእነዚህ ሁሉ አነስ ያለ ነው፤ ስለ ሞተር ሳይክል ነው። ይሁን እንጂ የእጅ ፓምፕ የሚጠግነው ሠራተኛ ወደ መንደሩ የሚደርሰው፥ የውሃ ማከሚያው ክሎሪንና መለዋወጫው የሚጓጓዘው፥ የችግኙ ጣቢያ ባለሙያም ከቀበሌ ቀበሌ የሚዘዋወረው በዚችው በሁለት እግር ተሽከርካሪ ነው። እርሷ በቆመች ጊዜ ሥራው ሁሉ አብሮ ይቆማል።

ከየሰበካው ወደ ክፍላችን ከሚደርሱት አቤቱታዎች መካከል አንዱ ደጋግሞ ይመጣል። «ዘይት ከቀየርን ወዲህ ሞተር ሳይክሏ ትንቀጠቀጣለች» የሚል ነው። ከዚህ ቃል በኋላ ብዙ ጊዜ የሚከተለው ምርመራ ሳይሆን ክስ ነው። አንዱ ዘይቱን ይከሳል፤ ሌላው ዘይቱን የገዛውን፤ ሌላው ደግሞ አሽከርካሪውን። ዛሬ ልንነግራችሁ የምንወደው ነገር አንድ ነው፤ ከዘይቱ መቀየር በኋላ የመጣ ሁሉ ከዘይቱ የተነሣ አይደለም። ይህንንም የተማርነው በራሳችን ስሕተት ስለሆነ ከስሕተቱ ብንጀምር ይሻላል።

የአንድ ሰበካ ታሪክ

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በደጋው ላይ በሚገኝ አንድ ሰበካ የልማት ኮሚቴው አንዲት ሞተር ሳይክል ነበረችው። በእርሷም አንድ ወጣት ሠራተኛ በዙሪያው ያሉትን መንደሮች የእጅ ፓምፖች እየዞረ ይንከባከብ ነበር። ክረምቱ እንዳለፈ ዘይት የሚቀየርበት ጊዜ ደረሰ። ዘወትር ይገባባት የነበረው ዘይት ግን በአቅራቢያው ሱቅ ታጣ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ለጉዳይ ወደ ከተማ ሄደው ስለነበር ከዚያ ሌላ ዘይት ገዝተው መጡ። ዘይቱ ለአውቶሞቢል የተሠራ፥ ቀጭን፥ በዋጋውም ከቀድሞው የሚበልጥ ነበር። «ውድ ከሆነማ የተሻለ ነው» ተብሎ በደስታ ተቀበሉት። ሐሳባቸው በጎ እንደ ነበረ እንመሰክራለን።

በማግሥቱ ወጣቱ ወደ ሥራው ሲወጣ መሪው በእጁ ውስጥ ይንዘፈዘፍ ጀመር። በመስተዋቱ የሚታየው መንገድ ተንቀጠቀጠበት። ማርሹ ሲገባ ይንኳኳል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ሞተር ሳይክሏ አትገፋም። ሁለት ቀን በዚህ ሁኔታ ከነዳት በኋላ ፈርቶ በግቢው አቆማት።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ከመጠን በላይ ጭኖባታል ያሉ ነበሩ፤ ለገበያ እህል ሲያመላልስባት ከርሟል ያሉም ነበሩ። ሰብሳቢው አባት «አንተ ልጅ፥ እውነቱን ንገረን፤ የት ጥለህ ነው የሰበርካት?» ብለው ጠየቁት። እርሱም «አባቴ፥ አልጣልኋትም። እስከዚያ ቀን ድረስ ደኅና ነበረች፤ ዘይቱ ከተቀየረ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነችው» ሲል መለሰ። ይህን በማለቱ ደግሞ ዘይቱን የገዙት አባል ተቀየሙ። የተጠራው መካኒክ የክራንኩ ኩሽኔታ ሳያልቅ አይቀርም፥ ሞተሩ ይከፈት አለ። የጠራው ዋጋ በኮሚቴው ሣጥን ካለው ገንዘብ የሚበልጥ ነበር። በመጨረሻም ነገሩ እስኪጣራ ወጣቱ ከሥራ እንዲታገድ፥ ቁልፉም ከእጁ እንዲወሰድ ተወሰነ።

በዚያው ሰሞን በሁለት መንደሮች ፓምፖቹ ተበላሹ። ሄዶ የሚጠግናቸው አልነበረምና እናቶች ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ቀድሞው ወንዝ ተመለሱ። የአንዲት ሞተር ሳይክል መንቀጥቀጥ ያስከተለው ጉዳት ይህ ነበር።

እኛ ወደ ሥፍራው ስንደርስ ከሁሉም አፍ የምንሰማው «ዘይት፥ ዘይት» የሚል ስለ ነበረ ምርመራችንን ከዘይቱ ጀመርን። ስሕተታችንም ይህ ነበር። በመጀመሪያ የዘይቱን መጠን አየን። ዘይቱ የተለካው ሞተር ሳይክሏ በጎን ማቆሚያዋ ዘንበል ብላ ሳለ ነበርና ቀና ስናደርጋት ከላይኛው ምልክት አልፎ ተገኘ። ትርፉን ቀነስን፤ መንቀጥቀጡ ጥቂት ረገብ አለ እንጂ አልጠፋም። ቀጥለን ዘይቱን በሙሉ አፍስሰን በመመሪያ መጽሐፏ የታዘዘውን ዘይት ሞላንባት። የማርሹ መንኳኳት ለዘብ አለ፤ ዳገት የመግፋት ኃይሏም እየተመለሰ መጣ። መሪው ግን ፍጥነት ሲጨምር አሁንም ይንዘፈዘፍ ነበር።

በዚህ ጊዜ ግራ ተጋባን። ከመካኒኩ ጋር ተስማምተን ሞተሩን ለማስከፈት ጥቂት ነበር የቀረን። ከዚያ በፊት ግን አስቀድመን መጠየቅ የነበረብንን ጥያቄ ጠየቅን፤ «ዘይቱ በተቀየረበት ቀን ከዘይቱ ሌላ ምን ተነክቷል?» ዘይቱን ሲቀይር ያገዘው ልጅ ጥቂት አስቦ፥ የማፍሰሻው ቡሎን ዘንድ ለመድረስ ከሞተሩ ሥር ያለውን መከላከያ ብረት ፈትቶ እንደ ነበረ ነገረን። ያ ብረት የሚታሰረው ሞተሩን ከሻሲው ጋር ከሚያያይዙት ቡሎኖች በአንዱ ነው። ከሥሯ ተጋድመን በባትሪ ብናይ ዳዶው በጣት የሚዞር ሆኖ አገኘነው። አዲስ ዳዶና ሮንዴላ አስገብተን በልኩ አጠበቅነው። መንቀጥቀጡ ቆመ።

ስለዚህ በአንድ ቀን ሦስት ጥፋት ተሠርቶ ነበር። ዘይቱ በዝቷል፤ ዘይቱ የዓይነቱ አልነበረም፤ ዳዶውም ሳይጠብቅ ቀርቷል። ማርሹንና ፍሪሲዮኑን ያስቸገረው በእርግጥ ዘይቱ ነው። የመንቀጥቀጡን አብዛኛውን ያመጣው ግን የላላው ዳዶ ነበር። ወጣቱ ምንም አልሰበረም። በቀጣዩ ስብሰባ ሰብሳቢው አባት ተነሥተው በሁሉ ፊት «ልጄ፥ ሳንመረምር ፈርደንብሃል፤ ይቅር በለን» አሉት። ቁልፉም ተመለሰለት፤ በዚያው ሳምንት ፓምፖቹ ተጠገኑ።

ዘይቱ በሞተር ሳይክል ውስጥ ያለው ሥራ

አሁን ስለ ዘይቱ ራሱ ጥቂት እንበል። በአብዛኞቹ አውቶሞቢሎች የሞተሩ ዘይት ለሞተሩ ብቻ ነው። ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለው፤ በእጅ ማርሽ በሚሠሩት ላይ ፍሪሲዮኑም በአብዛኛው በደረቁ ይሠራል። ፎር ስትሮክ በሚባሉት በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ግን አንዱ ዘይት ሦስት ቦታ ያገለግላል። ሞተሩን ያለሰልሳል፤ የማርሹን ጥርሶች ይሸፍናል፤ የፍሪሲዮኑም ሸማዎች በእርሱ ውስጥ ተነክረው ይሠራሉ። ስለዚህ ከአንዱ ዘይት ሁለት ተቃራኒ ነገር ይፈለጋል። በፒስተኑና በኩሽኔታው ዘንድ ፍትጊያን ይቀንስ ዘንድ ይገባል፤ በፍሪሲዮኑ ዘንድ ደግሞ ሸማዎቹ እርስ በርስ ተያይዘው እንዳይንሸራተቱ በቂ ፍትጊያ መተው ይኖርበታል።

ነዳጅ እንዲቆጥቡ ተብለው ለአውቶሞቢል የሚሠሩ አንዳንድ ቀጫጭን ዘይቶች ፍትጊያን አብዝቶ የሚቀንስ ቅመም ይጨመርባቸዋል። ይህ ለአውቶሞቢሉ መልካም ነው። በዘይት ለሚነከር ፍሪሲዮን ግን መንሸራተትን ሊያመጣ ይችላል። በዚህ ምክንያት ጃፓኖች በ1998 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር «ጃሶ» የሚባለውን የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ አወጡ። በዕቃው ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» የሚል ምልክት ያለበት ዘይት ፍሪሲዮናቸው በዘይት ለሚነከር ሞተር ሳይክሎች የተፈተነ ነው። በ2006 ይኸው ደረጃ «ኤም ኤ 1» እና «ኤም ኤ 2» ተብሎ ተከፈለ፤ ከሁለቱ ፍሪሲዮንን አጥብቆ የሚያስይዘው «ኤም ኤ 2» ነው። «ኤም ቢ» የሚለው ደግሞ ፍትጊያው ያነሰ ስለሆነ ፍሪሲዮናቸው በዘይት ለማይነከር፥ ማርሽ ለሌላቸው ስኩተሮች የሚስማማ ነው። ግዢ የሚፈጽም የኮሚቴ አባል ከዋጋው አስቀድሞ ይህን ምልክት ይመልከት።

ሁለተኛው የሚታየው ነገር ውፍረቱን የሚያሳየው ቁጥር ነው። «20 ደብልዩ 50» ሲል የፊተኛው ቁጥር ከ«ደብልዩ» ጋር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ያለውን ጠባይ ያመለክታል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን በብርድ ፈጥኖ ይፈስሳል። የኋለኛው ቁጥር ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ የሚኖረውን ውፍረት ያሳያል፤ ቁጥሩ በበዛ መጠን በሙቀት ጊዜ ወፍራም ሆኖ ይቆያል። በደብረ ብርሃን፥ ወደ 2,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፥ በውርጭ ጠዋት የምትነሣ ሞተር ሳይክል ቶሎ የሚፈስስ ዘይት ትፈልጋለች። ያችው ሞተር ሳይክል በዚያው ቀን ጣርማ በርን አልፋ ወደ ሸዋ ሮቢት፥ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ፥ ብትወርድ ደግሞ ሙቀትን የሚቋቋም ዘይት ያስፈልጋታል። ለየአየሩ የሚስማማውን ቁጥር የሠሪው መመሪያ መጽሐፍ በሰንጠረዥ ያስቀምጠዋል። በዋጋ መወደድና ለሞተሩ መስማማት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የዘይት ውፍረት መለወጥ ብቻውን መንቀጥቀጥ ያመጣልን? ጥቂት ሊያመጣ ይችላል። በማርሹ ጥርሶችና በኩሽኔታዎቹ መካከል የሚገባው የዘይት ሽፋን እንደ ትራስ ሆኖ ምቱን ይቀበላል። ሽፋኑ ሲሳሳ ድምፁም ንዝረቱም ከቀድሞው ይልቅ ይሰማል። ደኅና የሆነ ሞተር በአንድ ደረጃ ልዩነት አይሰበርም። ያረጀ ሞተር ግን ወፍራሙ ዘይት ሸፍኖት የቆየውን ልልነት ቀጭኑ ይገልጥበታል። በሌላ በኩል ከልክ በላይ የወፈረ ዘይት በጠዋት ሞተሩን ያከብደዋል፤ ሚኒሞው ይወርድና በቆመበት ይንገጫገጫል። እንዲህ ያለው ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ የሚያስፈራ አይደለም።

ይህም ሊታወቅ ይገባል፤ ባለ አንድ ፒስተን ሞተር ፈጽሞ ሳይንቀጠቀጥ አይሠራም። በደቂቃ 6,000 ጊዜ በሚዞርበት ሰዓት ፒስተኑ በየሰከንዱ 100 ጊዜ ይወጣል፥ 100 ጊዜም ይወርዳል፤ ነዳጁ የሚፈነዳው ደግሞ በሰከንድ 50 ጊዜ ነው። እንግዲህ የሚጠየቀው «ለምን ትንቀጠቀጣለች?» ተብሎ ሳይሆን «ከትናንት ወዲያ ከነበረው ምን ተለወጠ?» ተብሎ ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

የምርመራው ሥርዓት ገንዘብ ከማይጠይቀው ወደሚጠይቀው፥ ከማይፈታው ወደሚፈታው መሄድ ነው። በእያንዳንዱ ደረጃም አንድ ነገር ብቻ አስተካክሎ መሞከር ያስፈልጋል። ሁለትና ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ሞተር ሳይክሏ ብትድንለት እንኳ ያዳናትን አያውቅም፤ በሽታው ሲመለስም እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

አንደኛ፥ መጠየቅ ነው። ዘይቱ በተቀየረ ቀን ምን ተፈታ? ማን ፈታው? ማን መልሶ አሰረው? ካንዴላው ወጥቶ ነበርን? የአየር ፊልትሮው ታጥቦ ነበርን? ካቴናው ጠብቆ ነበርን? የሚጠየቀው ሰው እንደሚቀጣ ከፈራ እውነቱን ይደብቃል። ስለዚህ ጥያቄው ለምርመራ እንጂ ለክስ እንዳልሆነ አስቀድሞ ይነገረው።

ሁለተኛ፥ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ቡሎኖችን በቁልፍ መፈተሽ ነው። ሞተሩን ከሻሲው ጋር የሚያያይዙት፥ የሥሩ መከላከያ፥ የማርሚታው፥ የእግር መርገጫውና የመሪው ቡሎኖች አንድ በአንድ ይታያሉ። ልኩ ባልሆነ ቁልፍ መታገል፥ ከመጠን በላይ ማጥበቅም ጥርሱን ይበላዋል፤ በተለይ የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን የሚገባበት አካል አሉሚኒየም ስለሆነ በቀላሉ ይጎዳል።

ሦስተኛ፥ የዘይቱን መጠን መለካት ነው። ሞተር ሳይክሏ በደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ ብላ ትቁም። ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ይጥፋ፤ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድም ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅ። የመለኪያው ዘንግ በአንዳንዶቹ ጠብቆ፥ በሌሎቹ ደግሞ ሳይጠብቅ እንዲሁ ተጥሎ ይለካልና መመሪያው ይታይ። ዘይቱ ከታችኛውና ከላይኛው ምልክት መካከል መሆን አለበት። ሲበዛ የሚዞረው ክራንክ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ የሆነ ዘይት ብረትን አይሸፍንም፤ ትርፉም በመተንፈሻው በኩል ወደ አየር ፊልትሮው ይገፋል። ሲያንስ ደግሞ ሞተሩ ይግላል፥ ብረትም ከብረት ጋር ይፋተጋል። ማንም ሳይጨምርበት መጠኑ ከፍ ብሎ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ከካርቡሬተሩ ቤንዚን ወደ ዘይቱ እየወረደ ነው። ይህ ሳይስተካከል አዲስ ዘይት መሙላት ገንዘብን ማባከን ነው።

አራተኛ፥ መንቀጥቀጡ መቼ እንደሚመጣ መለየት ነው። ሞተር ሳይክሏ ቆማ፥ ማርሹ ነጻ ሆኖ፥ ሞተሩ ቀስ በቀስ ከፍ ሲደረግ ከተንቀጠቀጠች ምክንያቱ ከሞተሩ ወይም ከማሰሪያው ዘንድ ነው። ቆማ ጸጥ ብላ ስትሄድ ብቻ ከተንቀጠቀጠች ካቴናውን፥ ጎማውን፥ ቸርኬውንና የጎማውን ኩሽኔታ ተመልከቱ። የካቴናው ልልነት በብዙዎቹ ላይ ከ2 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ትክክለኛው ልክ በመመሪያው ይገኛል። ካቴና በሁሉም ቦታ እኩል አያልቅምና ጎማውን እያዞሩ በተለያየ ቦታ መለካት ይገባል። ከልክ በላይ የጠበቀ ካቴናም እንደላላው ሁሉ ያንቀጠቅጣል።

አምስተኛ፥ መንሸራተትን ከመንቀጥቀጥ መለየት ነው። ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ የሚንሸራተተው ፍሪሲዮኑ ነው። በቅድሚያ የፍሪሲዮኑ እጀታ ጥቂት ልልነት እንዳለው ይታይ፤ ሽቦው ከተወጠረ ዘይቱ ምንም ቢሆን ይንሸራተታል። ሽቦው ደኅና ሆኖ ዘይቱ የአውቶሞቢል ከሆነ ዘይቱ ይቀየር። ሸማዎቹ የጠጡት ዘይት ቶሎ ላይለቅ ስለሚችል ሁለተኛ መቀየር የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ሸማዎቹ ተቃጥለው ከሆነ ግን መለወጣቸው የግድ ነው።

ስድስተኛ፥ ሚኒሞውን፥ ካንዴላውንና የአየር ፊልትሮውን ማየት ነው። የካንዴላው ቆብ በሥራ መካከል ተነካክቶ ላላ ብሎ ከሆነ ሞተሩ እየዘለለ ይሠራል፤ አሽከርካሪውም ይህን መንቀጥቀጥ ይለዋል። በ2,800 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከሩብ በላይ ስለሚቀንስ ካርቡሬተር ያላቸው ሞተሮች በደጋ አየር ያጥራቸዋል። በዚያ ላይ ፊልትሮው በአቧራ ከተደፈነ ወይም ከታጠበ በኋላ እርጥብ ሆኖ ከተመለሰ ችግሩ ይብሳል።

ሰባተኛና የመጨረሻው ሞተሩን መክፈት ነው። ወደዚህ የሚደረሰው የቀደሙት ስድስቱ ታይተው በመዝገብ ከሰፈሩ በኋላ ነው።

ይህን ቅደም ተከተል የማይጠብቁ ምልክቶች ግን አሉ። ጭነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር የብረት ድምፅ ከተሰማ፥ በፈሰሰው ዘይት ውስጥ የብረት ብናኝ ከታየ፥ ወንዝ ከተሻገረች በኋላ ዘይቱ ውሃ ገብቶበት እንደ ወተት ከነጣ፥ ወይም ፍሬንና መሪ ከተነኩ ሞተር ሳይክሏ በዚያው ትቁም። «እስከ ከተማ ብቻ» ተብሎ አትነዳም፤ በመኪና ተጭና ትሄዳለች። የሰው ሕይወት ከጥገና ዋጋ ጋር አይመዘንም።

መዝገቡ፥ ግዢውና የወጣው ዘይት

ኮሚቴው ለእያንዳንዷ ሞተር ሳይክል አንድ ደብተር ይያዝ። በደብተሩም ዘይት የተቀየረበት ቀን፥ የተጓዘችው ኪሎ ሜትር፥ የዘይቱ ስም፥ ቁጥርና የደረጃ ምልክት፥ የገባው መጠን፥ የተፈቱት ቡሎኖችና የሠራው ሰው ስም ይጻፍ። ሥራው ሲያልቅ ከሠራው ሌላ የሆነ አንድ ሰው ቡሎኖቹን በቁልፍ ፈትሾ ይፈርም። ይህ ሥራ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በዚያ ሰበካ እንዲህ ያለ ደብተር ቢኖር ኖሮ የተፈታውን መከላከያ ብረት በመጀመሪያው ሰዓት እናገኘው ነበር።

ዘይት ከማለቁ በፊት አስቀድሞ ይገዛ፤ በመጨረሻው ቀን የሚገዛ ሰው ያገኘውን እንጂ የሚፈልገውን አይገዛም። ወደ ገበያ የሚሄደው አባል የዘይቱን ቁጥርና ምልክት በወረቀት ጽፎ ይያዝ፤ ወይም የቀድሞውን ባዶ ዕቃ ይዞ ይሂድ። የዕቃው ማሸጊያ ያልተነካ መሆኑን ይመልከት። አንድ ሊትር ያህል የምትይዝ ሞተር ሳይክል ላይ ግማሹን ከዚህ ግማሹን ከዚያ አቀላቅሎ መሙላትም መልካም አይደለም፤ ችግር ቢመጣ ምክንያቱን መለየት ያዳግታል። ቱ ስትሮክ የሚባሉት የቀድሞ ሞተር ሳይክሎች ያሏችሁ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ አድርጉ፤ የእነዚያ የሞተር ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚቃጠል ሲሆን የካምቢዮው ዘይት ሌላ ነው። አንዱን በሌላው ቦታ መጨመር አይገባም።

የወጣውን አሮጌ ዘይት በተመለከተ፥ በመሬት ላይ ወይም በጎርፍ መውረጃ አይደፋ። ክዳን ባለው ጀሪካን ተጠራቅሞ፥ ምን እንደሆነ ተጽፎበት፥ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥና አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጥ። ከታች ምንጭ እያጎለበትን ከላይ ዘይት ብናፈስስ በአንድ እጃችን የሠራነውን በሌላው እናፈርሳለን።

በመጨረሻ ስለ አሽከርካሪው አንድ ቃል እንጨምር። ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ንዝረት ጣትን ያደነዝዛል፥ የደም ዝውውርንና ነርቭንም ይጎዳል። ስለዚህ «እጄ ደነዘዘ» የሚል ሠራተኛ ሰበብ እየፈለገ ነው አይባል። ሞተር ሳይክሏን በየቀኑ የሚይዛት የእርሱ እጅ ስለሆነ ለውጡን ከማንኛችንም በፊት የሚያውቀው እርሱ ነው። ያ ወጣት በመጀመሪያው ቀን እውነቱን ነግሮን ነበር፤ እስከዚያ ቀን ደኅና ነበረች ብሏል። ከዚያ ቃል ተነሥተን ያን ቀን ብንመረምር ኖሮ እናቶች ወደ ወንዝ ባልተመለሱ ነበር። እኛ ግን የቀኑን ሥራ መመርመር ትተን ዘይቱን ብቻ ያዝን፤ ኮሚቴው ደግሞ ልጁን ያዘ።

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደሚባለው በጥድፊያ የተሰጠ ፍርድ ንብረትንም ሰውንም ይጎዳል። ወደ ሰበካችሁ ስትመለሱ ሞተር ሳይክል ካላችሁ ይህን ሳምንት ሳያልፍ ደብተሩን ክፈቱ፥ የዘይቷን ዓይነት ጻፉ፥ የሞተሯን ማሰሪያ ቡሎኖች አንድ ጊዜ በቁልፍ ፈትሹ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ እስክርቢቶና ልኩ የሆነ ቁልፍ ብቻ ነው።